ሴንድ ያላችሁት ኢሜይል ሄዷል ወይስ ወረፋ ላይ ነው? ተንደርበርድን (አውትሉክንም) ከጀርባ ማስላክ

ኮምፒውተራቸው ላይ ተንደርበርድ የሚባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ጭነው የሚሰሩ ሰዎች ይቺን ነገር ያውቋታል። ከበድ ያለ ፒዲኤፍ አታች አድርጋችሁ ሴንድ ስትሉ አንዲት ትንሽ መስኮት ስክሪኑ መሀል ቁጭ ትልና መስመሯ እስኪሞላ መጠበቅ ነው፣ ኔትወርኩ ደግሞ የዛን ቀን ካኮረፈ ቡና አፍልታችሁ ትመለሳላችሁ እሷ ግማሽ ላይ ናት። ይሄን መጠበቅ ማስቀረት ይቻላል። ፕሮግራሙ ከጀርባ እንዲልክ ታደርጉታላችሁ፣ ከዛ በኋላ ሴንድ ስትሉ መፃፊያው ወዲያው ይዘጋል፣ እሱ ውስጥ ውስጡን ይልካል እናንተ ስራችሁን ትቀጥላላችሁ።

ግን ሴቲንጉን ከመንካታችሁ በፊት ይሄን ያዙልኝ፣ መስኮቱ ተዘጋ ማለት ኢሜይሉ ሄደ ማለት አይደለም። ያ በመስመሩ ሲያሰለቸን የነበረው መስኮት ቢያንስ አንድ ጥቅም ነበረው፣ ካልሄደ ፊት ለፊት አልሄደም ይላችኋል። ከጀርባ ሲላክ ግን አውትቦክስን፣ ማለትም ገና ያልሄዱ መልእክቶች ወረፋ የሚጠብቁበትን ፎልደር፣ ማየት የናንተ ስራ ይሆናል። አላይም የሚል ሰው እንደ ድሮው ቢጠብቅ ይሻለዋል።

መጀመሪያ ሴንድ ሲባል ምን እንደሚሆን ባጭሩ

ፕሮግራሙ ከሰርቨሩ ጋር (ኢሜይላችሁን ተቀብሎ ከሚያስተላልፈው ኮምፒውተር ጋር) የሚያወራው ኤስኤምቲፒ በሚባል ደንብ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ነው፣ ብዙ ተጨማምሮበታል እንጂ አጥንቱ አሁንም ያው ነው። ሰላምታ ይሰጣል፣ ማንነቱን በፓስወርድ ያሳያል፣ ከማን እንደሆነ ይናገራል፣ ለማን እንደሆነ ይናገራል፣ ከዛ መልእክቱን ከነአታችመንቱ ያፈሰዋል፣ ሲጨርስ መስመር ላይ ብቻዋን የቆመች አንዲት ነጥብ ይልካል። ሰርቨሩ ነጥቧን አይቶ 250 ብሎ ከመለሰ ተረክቤያለሁ ማለቱ ነው። ከዛ በፊት ያለው ጣጣ ሁሉ የናንተ ኮምፒውተር ነው፣ ከዛ በኋላ ያለው የሰርቨሩ።

አንዳንዴ አንድ ኢሜይል ሁለት ጊዜ ደረሰኝ የሚሏችሁም እዚችው ጋ ባለች ክፍተት ሊሆን ይችላል። ነጥቧ ሄዳለች፣ ሰርቨሩ መልእክቱን ይዟል፣ ግን 250 የምትለዋ መልስ ሳትደርስ መስመሩ ተቋረጠ። እናንተ ጋ ያለው ፕሮግራም አልሄደም ብሎ ያስቀምጠዋል፣ ቆይታችሁ እንደገና ትልኩታላችሁ፣ ሰውየው ጋ ሁለት ይሆናል። አዲስ ነገር አይደለም፣ ክሬግ ፓርትሪጅ የተባለ የኔትወርክ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1988 ስለዚሁ ድርብ መልእክት ለብቻው ፅፎበታል። ደንቡ ነጥቧ ከተላከች በኋላ እስከ 10 ደቂቃ መልስ ጠብቁ ይላል፣ ተንደርበርድ ግን ሴቲንጉ ካልተነካ 100 ሰከንድ ጠብቆ ተስፋ ይቆርጣል። ይቺን ቁጥር እንዴት እንደምታሳድጓት ወደታች እነግራችኋለሁ።

ሌላው የአታችመንቱ ክብደት ነው። ኢሜይል ፋይሉን እንዳለ አይጭነውም፣ ወደ ተራ ፊደልና ቁጥር ገልብጦ ነው የሚልከው፣ እያንዳንዱ 3 ባይት 4 ይሆናል፣ የመስመር መቁረጫውም ሲጨመር ወደ 37 ፐርሰንት ያብጣል። 10 ሜጋባይት የነበረ ፋይል 13.7 ሜጋባይት ገደማ ሆኖ ይወጣል ማለት ነው፣ የመጫኛ ፍጥነታችሁ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ከሆነ ምንም ሳይቆራረጥ ራሱ ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ማውረጃው ፈጣን ስለሆነ መጫኛውም እንደዛ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፣ ሞባይል ዳታ ላይ ሁለቱ በጣም ነው የሚለያዩት።

ተንደርበርድ ላይ አደራረጉ

አንድ። ከላይ በቀኝ በኩል ያለችውን ሦስት ሰረዝ ክሊክ አድርጉና ሴቲንግስ ግቡ። ጀነራል የሚለው ላይ ሁናችሁ እስከ ታች ድረስ ውረዱ፣ የመጨረሻው ጥግ ላይ ኮንፊግ ኤዲተር የሚል በተን አለ። ስትነኩት ተጠንቀቁ የሚል ማስጠንቀቂያ ሊያወጣ ይችላል፣ እሺ በሉት፣ አንዲት ነገር ነው የምንነካው።

ሁለት። መፈለጊያው ላይ ሴንድ፣ ኢን፣ ባክግራውንድ የሚሉትን ሦስት ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደል አገጣጥማችሁ ፃፉ፣ መሀሉ ላይ ስፔስ እንዳይገባ፣ ካፒታል ይሁን ስሞል ለፍለጋው ለውጥ የለውም። ፊቱ ላይ ሜይልኒውስ የሚል ስም ያለው አንድ መስመር ይመጣል፣ ዋጋው ፎልስ ነው። መስመሩን ደብል ክሊክ ስታደርጉ ትሩ ይሆናል። በቃ ይሄው ነው።

ሦስት። እዛው እያላችሁ ቲሲፒታይምአውት ብላችሁ ፈልጉ፣ ይሄም እንዲሁ ተገጣጥሞ በእንግሊዝኛ ነው የሚፃፈው፣ ያቺ 100 የምትለዋ ቁጥር ናት። መስመራችሁ ደካማ ከሆነ ወይ የመስሪያ ቤታችሁ ሰርቨር እያንዳንዱን አታችመንት ለቫይረስ እየፈተሸ የሚንቀራፈፍ ከሆነ 300 አድርጓት። ያለ ምክንያት ግን አትንኳት፣ ቁጥሩ ባደገ ቁጥር የሞተ መስመርም ረጅም ጊዜ ያስጠብቃችኋል።

አራት፣ ይሄን እንዳትዘሉት፣ ሞክሩት። ተንደርበርድ ከታች በግራ ጥግ ላይ የኢንተርኔት ምልክት አለችው፣ እሷን አንዴ ስትነኳት ኦፍላይን ይሆናል። አሁን ለራሳችሁ አንድ አጭር ኢሜይል ፃፉና ላኩ። ወዴት ሄደ? በግራ በኩል ከአካውንቶቻችሁ ስር ሎካል ፎልደርስ የሚል አለ፣ እሱ ውስጥ አውትቦክስ አጠገብ 1 የሚል ታያላችሁ። ከፍታችሁ እዩት፣ ያው የፃፋችሁት ነው፣ ገና ከቤት አልወጣም። ከዛ ያቺን ምልክት መልሳችሁ ንኳት፣ ያልተላኩ መልእክቶች አሉ ልላካቸው ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ እሺ ስትሉት ቁጥሩ ይጠፋና ኢሜይሉ ሴንት ውስጥ፣ የተላኩት የሚቀመጡበት ፎልደር ውስጥ፣ ይገኛል። ሙሉው መንገድ ይሄ ነው፣ አውትቦክስ፣ ሰርቨር፣ ሴንት። በየጊዜው መጠየቁ ካሰለቻችሁ ሴቲንግስ ጀነራል ውስጥ ኔትወርክ ኤንድ ዲስክ ስፔስ ከሚለው ስር ኦፍላይን የሚል በተን አለ፣ እዛ ገብታችሁ ሳይጠይቅ ይላክ ማለት ትችላላችሁ።

የተላኩትን ዝርዝር ማየት ከፈለጋችሁ ቱልስ ሜኑ ውስጥ አክቲቪቲ ማናጀር አለ፣ ምን እንደተላከ ሰዓቱን ይዞ ይደረድራል። ሜኑዎቹ ካልታዩዋችሁ ዊንዶውስ ላይ አልት የሚለውን ቁልፍ ስትጫኑ ይወጣሉ።

አውትቦክሱ እናንተው ኮምፒውተር ላይ ነው ያለው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ጂሜይልን በብራውዘር ስትጠቀሙ ነገ ጠዋት ይላክልኝ ካላችሁት ጉግል ሰርቨር ላይ ይቀመጥና ኮምፒውተራችሁ ቢዘጋም በሰዓቱ ይሄዳል። የተንደርበርድ አውትቦክስ ግን የናንተው ሃርድ ዲስክ ላይ ያለ ፋይል ነው፣ ስልካችሁ ላይ አይታይም፣ ቢሮ ባለው ሌላ ኮምፒውተርም አይታይም፣ ፕሮግራሙ ካልተከፈተ ደግሞ ማንም አይልከውም። ስለዚህ ሴንድ ብላችሁ ወዲያው ላፕቶፑን አጥፋችሁ ቦርሳ ውስጥ ከከተታችሁት ያ የጨረታ ሰነድ ቦርሳችሁ ውስጥ ነው ያለው፣ የትም አልሄደም። መጀመሪያ አውትቦክሱ ባዶ መሆኑን እዩ፣ ከዛ ዝጉ።

በዛው ልክ ጥሩ ጎንም አለው። ከጀርባ ሲልክ መጀመሪያ መልእክቱን ዲስክ ላይ ይፅፈዋል ከዛ ነው መላክ የሚጀምረው፣ ስለዚህ መሀል ላይ መብራት ቢሄድ ኢሜይሉ አውትቦክስ ውስጥ ይጠብቃችኋል። በድሮው መንገድ እየላከ ሳለ መብራት ቢሄድ ግን የሚተርፋችሁ መጨረሻ ድራፍት ላይ የተቀመጠው ነው፣ እሱ ደግሞ ካልቀየራችሁት በየ5 ደቂቃው ነው የሚቀመጠው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ዴስክቶፕ ላይ ለሚሰራ ሰው እኔ ከጀርባ መላክን የምመክረው ከፍጥነቱ ይልቅ ለዚህ ብዬ ነው።

ነገሩ ለኛ አገርም እንግዳ አይደለም። ኢንተርኔት ገና አዲስ አበባ ሳይገባ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ኢሲኤ (የተመድ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) ግቢ ውስጥ ፓዲስ የሚባለው ክፍል በስልክ መስመር ኢሜይል ያመላልስ ነበር፣ መልእክቱ ተጠራቅሞ ይቆይና ስልኩ ሲደወል አንድ ላይ ይሄዳል፣ የመጣውም አብሮ ይወርዳል። አውትቦክስ ማለት ያ አሰራር ነው፣ ጥበቃው አጠረ እንጂ።

ሁለቴ እየጫናችሁ እንዳይሆን

ኢሜይሉ ሄዷል ግን ሴንት ፎልደር ላይ እያስቀመጥኩ ነው እያለ የሚንገታገተው ነገር አለ አይደል? አይማፕ አካውንት (ፎልደሮቹ ሰርቨሩ ላይ የሚቀመጡበት ዓይነት) ከሆነ ፕሮግራሙ መልእክቱን መጀመሪያ ለላኪው ሰርቨር ይጭናል፣ ከዛ ያንኑ መልእክት ከነአታችመንቱ እንደገና ሴንት ፎልደር ውስጥ ለማስቀመጥ ይጭነዋል። ያ 13.7 ሜጋባይት ሁለት ጊዜ ይወጣል ማለት ነው፣ ዳታ በፓኬጅ ለሚገዛ ሰው ቀላል አይደለም።

ጂሜይል ላይ ይሄ ሁለተኛው ጭነት ጭራሽ አያስፈልግም ምክንያቱም የጂሜይል ሰርቨር በሱ በኩል የተላከውን ራሱ ሴንት ውስጥ ያስቀምጠዋል። አካውንት ሴቲንግስ ገብታችሁ ኮፒስ ኤንድ ፎልደርስ የሚለውን ክፈቱ፣ ሲላክ ኮፒ አስቀምጥ የምትለዋን ምልክት አጥፉ፣ ለራሳችሁ አንድ ላኩና ሴንት ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። ለሌላ ሰርቨር ግን ሳትሞክሩ እንዳታጠፉት፣ ራሱ የማያስቀምጥ ከሆነ የላካችሁት ነገር ማስረጃ አይኖራችሁም።

አልሄድ ሲል

አውትቦክስ አጠገብ ቁጥሯ አልጠፋ ካለች ተራ በተራ እንየው። መልእክቶቹ እንደ ታክሲ ሰልፍ አንድ በአንድ ነው የሚሄዱት፣ ከፊት ያለው ባለ ትልቅ አታችመንት ከሆነ ከኋላው ያለው የሁለት መስመር ኢሜይልም ይጠብቀዋል። ትንሽ ታገሱና አሁንም ካለ አውትቦክሱን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ ሴንድ አንሴንት ሜሴጅስ በሉት። አንዴ የከሸፈውን ራሱ እያስታወሰ ይልከዋል ብላችሁ ባትተማመኑበት ጥሩ ነው፣ በእጅ መቀስቀሱ ይሻላል።

ኤረር ካወጣ ውስጡ ያለችውን ቁጥር ፈልጉ። በ4 የሚጀምር ከሆነ፣ 421፣ 450፣ 451፣ ጊዜያዊ ነው፣ ሰርቨሩ አሁን አይመቸኝም ነው ያላችሁ፣ ቆይታችሁ ሞክሩ። በ5 የሚጀምር ከሆነ ደጋግማችሁ ብትልኩትም መልሱ ያው ነው፣ የሆነ ነገር ማስተካከል አለባችሁ። 535 ማለት መግቢያችሁን አልተቀበልኩም ነው፣ ጂሜይል ላይ ይሄ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በድሮው ተራ ፓስወርድ ለመግባት ስትሞክሩ ነው፣ አካውንት ሴቲንግስ መጨረሻ ላይ አውትጎይንግ ሰርቨር የሚለው ጋ ገብታችሁ የመግቢያ ዘዴውን ኦአውዝ2 አድርጉት፣ የጉግል መግቢያ ገፅ ይከፈትና አንዴ ትገባላችሁ። 550 አብዛኛውን ጊዜ አድራሻው የለም ማለት ነው፣ ስፔሊንጉን እዩ። 552 ደግሞ በዛብኝ ነው።

ስለ መብዛት ካነሳን፣ ሰርቨሩ ገና ሰላምታ ላይ ስንት ባይት ድረስ እንደሚቀበል ይናገራል። ጂሜይል የሚናገረው ቁጥር 35882577 ነው፣ ወደ 35.9 ሚሊዮን ባይት፣ 25 ሜጋባይት ፋይል ካበጠ በኋላ እንዲበቃው ታስቦ ነው። የምትልኩለት ሰው ሰርቨር ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ገደብ ሊኖረው ይችላል፣ ያኔ ከናንተ ሰላም ወጥቶ ቆይቶ አልደረሰም የሚል መልስ ኢንቦክሳችሁ ውስጥ ይመጣል። አውትቦክስ ባዶ መሆኑ እስከ ራሳችሁ ሰርቨር ድረስ ነው የሚያረጋግጥላችሁ፣ ሰውየው ጋ ስለመድረሱ ምንም አይልም። ትልቅ ፋይል ከሆነ ድራይቭ ላይ ጭኖ ሊንክ መላክ ነው የሚያዋጣው።

ቁጥር ሳያወጣ ዝም ብሎ ታይምድ አውት (ጠብቄ መልስ አጣሁ) የሚል ከሆነ ፖርቱን፣ ፕሮግራሙ ወደ ሰርቨሩ የሚገባበትን የበር ቁጥር፣ እዩ። 25 ከሆነ ቀይሩት፣ ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ስፓም ለመከላከል ብለው ይዘጉታል። ወይ 587 በስታርትቲኤልኤስ ወይ 465 በኤስኤስኤል ቲኤልኤስ ነው መሆን ያለበት፣ አንዱ እምቢ ካለ ሌላውን ሞክሩ። ቤት የሚሰራው ሆቴል ወይ ቢሮ ዋይፋይ ላይ ሲሆን እምቢ የሚል ከሆነ ብዙ ጊዜ የፖርት ነገር ነው፣ የስልካችሁን ሆትስፖት አብርታችሁ ከሄደ አወቃችሁት ማለት ነው።

አውትቦክስ ውስጥ ያለውን ማረም ከፈለጋችሁ ጎትታችሁ ድራፍትስ ውስጥ ክተቱትና እዛ ክፈቱት። ይሄ ጥሩ የሚሆነው አውትቦክስ ውስጥ ሌላ ቅጂ ስለማይቀር ነው፣ ገልብጣችሁ ከላካችሁ ግን ቆይቶ አሮጌው ከነስህተቱ ይከተለዋል።

ምንም አልሰራ ካለና ቁጥሯ እያለች ውስጡ ባዶ ከሆነ ፋይሉ ተበላሽቷል። መጀመሪያ የሚታይ መልእክት ካለ ወደ ድራፍትስ አውጡ። ሄልፕ ሜኑ ውስጥ ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን ገብታችሁ ፕሮፋይል ፎልደሩን ክፈቱት፣ ተንደርበርድን ዝጉ፣ ፎልደሩ ውስጥ ሜይል፣ ከዛ ሎካል ፎልደርስ ግቡ፣ አንሴንት ሜሴጅስ የሚል ፋይልና ተመሳሳይ ስም ያለው መጨረሻው ኤምኤስኤፍ የሆነ ሌላ ፋይል አለ። ለጥንቃቄ ዴስክቶፕ ላይ ውሰዷቸው፣ አትደልቱ። ተንደርበርድ ሲከፈት አዲስ ይሰራል።

ሆን ብሎ ማቆየት

ሴንድ ካሉ በኋላ ወይኔ የሚሉ ሰዎች ከጀርባ መላክ አያድናቸውም፣ በሰከንዶች ውስጥ ሊሄድ ይችላል። ለነሱ የሚሆነው ሴንድ ሌተር ነው፣ ኮንትሮል ሺፍት ኢንተር አንድ ላይ ስትጫኑ አውትቦክስ ውስጥ ገብቶ ቁጭ ይላል፣ ላክ እስክትሉት ድረስ። ለአለቃ የሚፃፍ የንዴት ኢሜይል በዚህ ቢያልፍ ጥሩ ነው።

አውትሉክ ላይ

ክላሲኩ አውትሉክ ድሮም ከጀርባ ነው የሚልከው ስለዚህ የሚበራ ነገር የለም። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ገብታችሁ ሴንድ ኤንድ ሪሲቭ የሚለው ስር ሴንድ ኢሚዲየትሊ ዌን ኮኔክትድ የምትለዋ ምልክት ከጠፋች ነው ችግሩ፣ ያኔ ሁሉም ነገር አውትቦክስ ውስጥ ተቀምጦ ኤፍ9 እስክትጫኑ ወይ የራሱ ሰዓት እስኪደርስ ይጠብቃል።

አንዲት ክፉ ባህርይ አለችው። አውትቦክስ ውስጥ የሚጠብቅ መልእክት ርዕሱ ዘመም ብሎ ነው የሚታየው፣ ልየው ብላችሁ ከፍታችሁ ዝም ብላችሁ ስትዘጉት ያ ዘመም ያለው ፊደል ቀጥ ይላል፣ ከዛ በኋላ አይላክም፣ ወረፋውን ለቋል። እንደገና ከፍታችሁ ሴንድ ማለት አለባችሁ። አውትቦክስ ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ርዕስ ካያችሁ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል።

ትልቅ አታችመንት ይዞ አልላክም አልወጣም ካለ ሴንድ ሪሲቭ ታብ ላይ ዎርክ ኦፍላይን ንኩ፣ መልእክቱን ወደ ድራፍትስ ጎትቱት፣ አታችመንቱን አውጡ፣ ዎርክ ኦፍላይንን መልሳችሁ አጥፉ። ሁሌም ትንሽ ይቆይልኝ የሚል ሰው ደግሞ ሩልስ ውስጥ ለምልካቸው መልእክቶች የሚለውን መርጦ ዲፈር ዴሊቨሪ ማድረግ ይችላል፣ እስከ 120 ደቂቃ ይቀበላል፣ ለኔ 2 ደቂቃ ይበቃል። አካውንቱ ፖፕ ወይ አይማፕ ከሆነ ግን አውትሉክ ክፍት መሆን አለበት።

ማክ ላይ ያለው ሜይልም ከጀርባ ነው የሚልከው፣ አውትቦክሱ በግራ በኩል የሚታየው ውስጡ ነገር ሲኖር ብቻ ነው። እንቢ ሲል ዊንዶው ሜኑ ውስጥ ኮኔክሽን ዶክተርን ክፈቱ፣ የትኛው ሰርቨር ጋ እንደተያዘ በቀይ ያሳያችኋል።